ፊቷን አላየሽም?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእቴቴ ጆሮ ግን የዚያን ቀን ጠዋት ባዳ ለመሆን እንኳ አልታደለም። ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ ከወዲያ ያነጠሰ ሰው ከወዲህ "ይማርህ" ይባላል። እሷ ጎንበስ ብላ የማታውን ሳህን ታጥባለች፤ ከጣውላው ወዲያ ደግሞ የወንድሟ ልጅ ሚጡ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ትለማመዳለች። ጠያቂዋ እናቷ ናት። እናትየው ድምጿን አወፍራ፣ ሥራ አስኪያጅ ሆና፣ "እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን" ትላለች፤ ሚጡ ሽምድድ አድርጋ ትመልሳለች። "ድክመትሽስ ምንድን ነው?" ስትላት፣ "ሥራ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም" አለችና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እቴቴም ብቻዋን ፈገግ አለች። አልጋ ማንጠፍ ከጀመረች የማትጨርሰውን ልጅ ከሷ በላይ ማን ያውቃታል! "ቤት ውስጥ የምትኖሪው ከማን ጋር ነው?" አለች እናትየው ሳቋን ውጣ። "ከአባቴና ከእናቴ ጋር።" "ከሌላስ?" "ሌላ ማንም የለም።" ከዚያ እናትየው ወደ ራሷ ድምፅ ተመልሳ፣ ዝቅ አድርጋ፣ "እንደሱ ነው የሚሻለው። በዘር የሚሄድ የሚመስላቸው አሉ" አለች።

እቴቴ የታጠበውን ሳህን ካልታጠበው ጋር ደባለቀችው። ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ሚጡ ጡት ከጣለች ጀምሮ፣ እናትየው ፋብሪካ ፈረቃ ስትገባ፣ አባትየው መኪናውን ይዞ ክፍለ ሀገር ሲያድር፣ ገላዋን ያጠባት፣ ያጎረሳት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ በዝናብ የቆመላት ማን ሆነና ነው "ሌላ ማንም የለም"! ሌላ ጊዜ ቢሆን እጇን አድርቃ ሳሎን ትገባና "በየት በኩል ነው የምትሄጂው? ይቅናሽ፣ አፍሽን ያጣፍጥልሽ" ብላ ትመርቃት ነበር። የዚያን ቀን ግን እንኳን ምርቃት ደህና ዋሉም አልወጣት አለ። ሻርፗን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በጓሮ በር ወጣች። ሚጡን የት እንደምትሄድ ብትጠይቃት ኖሮ ይህ ታሪክ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ባለቀ ነበር።

እቴቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለምጹ መጀመሪያ በዓይኗ ቆብ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወደ አፏ ዙሪያ፣ ከዚያ ወደ ጣቶቿ ወረደ። ከደንበኞቿ አንዳቸውም "ለምጽሽን ፈርተን ነው" ብለው አያውቁም። አንዷ ሠርጉ ተራዘመ አለች፣ ሌላዋ ጨርቁን አይጥ በላው አለች፣ ሦስተኛዋ ሰላምታውንም በማዶ አደረገችው። ሐኪሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብሏታል፤ ደንበኞቿ ግን ሐኪሙን አያውቁትም። የሱቁ ኪራይ ጣራ ሲነካ የስፌት መኪናዋን ሸጠችና ወንድሟ ቤት፣ ከዕቃ ግምጃው አጠገብ ያለችው ክፍል ገባች። አሁን የምትሠራውን ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቦታ ተቀጥሬያለሁ ብላቸዋለች። እንዲህ ያለችው ዋሾ ሆና አይደለም፤ የቀጠራት ሰው ለማንም፣ ለቤተሰብም ቢሆን፣ እንዳትናገር ቃል ስላስገባት ነው። እቴቴ ደግሞ ቃሏን የምትበላ ሴት አይደለችም።

የቀጠራት ዶክተር ነው፤ መርፌ የሚወጋው ዓይነት ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና የሚያስተምረው ዓይነት። ከቴሌቪዥን ጥገና ቤት በላይ ያለውን ፎቅ ተከራይቶ፣ በሩ ላይ "የመዋቢያ ዕቃዎች መደብር፣ በቅርቡ ይከፈታል፣ እንግዳ ተቀባይ እንፈልጋለን" የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቀይ ስልክ፣ ሁለት ወንበር፣ አቧራ የጠጣ የላስቲክ አበባ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰፊ መስታወት አለ። ከወዲህ ላየው መስታወት ነው፤ ከወዲያ ግን መስኮት ነው። ከመስኮቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ዶክተሩ ከካሜራውና ከሚያቃስተው ማራገቢያው ጋር ይቀመጣል። ሥራ አስኪያጅ የሚሆነው አንድ ተማሪው ነው። እቴቴ "ከረባት" ትለዋለች፤ እዚያ ሲገባ አጥልቆ ሲወጣ ኪሱ ከሚከተው ከረባት ሌላ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥራ ፈላጊው ሲመጣ ከረባት ይቀበለውና "ለዛሬ ሙከራ ነው፤ እንግዳ መቀበል ከቻልክ ሥራው ያንተ ነው" ብሎ ከጠረጴዛው ኋላ ያስቀምጠዋል። ከዚያ እቴቴ እንደሱው ሥራ ፈላጊ መስላ ትገባና ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። ስልኩ ይጮሃል። "ያቺን ሴትዮ አሰናብታት" ይላል ከረባት ከጎን ክፍል። ሰውየው ካመነታ ስልኩ ደግሞ ይጮሃል፤ "ደንበኛ ይሸሽብናል፣ አሰናብታት።" አሁንም ካመነታ፣ "ፊቷን አላየህም?" መጨረሻ ላይ፣ "ሥራው እንዲቀጥል ከፈለግህ የታዘዝከውን አድርግ።" ዶክተሩ ማወቅ የፈለገው ሰው ክፉ የሚሠራው ክፉ ሆኖ ነው ወይስ ታዝዞ የሚለውን ነው። የእቴቴ ድርሻ መቀመጥ፣ ሲያስወጧት አንዴ "ለምን?" ማለት፣ ከዚያ ዝም ብሎ መውጣት ነው። "ያባረረኝ ፊት መልሶ ቀጠረኝ" ትላለች ለራሷ፤ ደሞዙን ስትቀበል ግን አትስቅም።

መባረርን እንደ ጨርቅ በጣቷ እያሻሸች መለየት ለምዳለች። "ቦታው ሞልቷል" የሚል አለ፤ "ነገ ይመለሱ" የሚል አለ፤ ዓይኑን ከፊቷ አሽሽቶ ለላስቲክ አበባው የሚናገር አለ። አንዲት ወጣት እያለቀሰች አስወጥታታለች። እምቢ ያሉትን በጣት መቁጠር ይቻላል፤ ከነሱ እቴቴ የማትረሳው ድሮ ዘበኛ የነበረ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ስልኩን አንስቶ "ወንድ ከሆንክ ናና ራስህ አስወጣት!" ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ያን ቀን ከመስታወቱ ወዲያ ሁሉም ስቋል። ግን ለዚያም ሽማግሌ እንደ ሌሎቹ "እንደውልልዎታለን" ተባለ እንጂ ሥራ የሚባል ነገር እንደሌለ አልተነገረውም። "መቼ ነው የሚነገራቸው?" ብላ ጠይቃ ነበር። ዶክተሩ በትሕትና፣ "ጥናቱ ሲያልቅ እትዬ። አሁን ብንነግራቸው ወሬው ይዛመትና ልፋታችን ገደል ይገባል" አላት። ቀጥሎም ጥናቱ ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ዘንድ እንደሚደርስ፣ ለወደፊት ማንም በመልኩ ከሥራ እንደማይባረር ነገራት። እሷም አመነችው። ሰው መልካም ነገር ሲነገረው ማመን ይወዳል።

የዚያን ቀን መጀመሪያ የገባው ልብሱ ያረጀ፣ የካውያ ተኩሱ ግን ሹል የሆነ ጎልማሳ ነበር። በሁለተኛው ስልክ ተነሳና "እህቴ፣ ቦታው ሞልቷል ተብሏል፤ እኔ ታዝዤ ነው" አላት። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም በሩን ከፈተላት። ሲያበቃ ከረባትን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "መቼ ትደውሉልኛላችሁ? ስልኩ የጎረቤቴ ስለሆነ ከቤት አልወጣም ብዬ ነው" ሲል ከኮሪደሩ ሰማችው። ከረባት "በቅርቡ" አለው። ሰውየው እያመሰገነ ደረጃውን ወረደ። እቴቴ የጠዋቱን ነገር፣ "ሌላ ማንም የለም" የተባለውን፣ ደግማ በሆዷ አብሰለሰለችው። ቀኑ ገና አልጋመሰም፣ ሁለቴ ተባርራለች።

ከረባት ግድግዳውን መታ መታ ሲያደርግ ተራዋ ነው ማለት ነው። ሻርፗን አስተካክላ በሩን ገፋችና ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ሚጡ ናት። ትናንት ማታ ወገቡን ያጠበበችላት ግራጫ ጃኬት ትክክል ብሎ ተቀምጦባታል፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው። እቴቴን ስታያት ፊቷ ላይ ደም የሚባል ነገር ጠፋ። እቴቴ "አንቺ ልጅ ተነሽ፣ እንሂድ" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እግሮቿ ግን እንደለመዱት ወደ ወንበሩ ወሰዷት፤ ተቀመጠች። እውነቱን ከተናገርን እግሮቿን ብቻ መውቀስ አይገባም። የጠዋቱ ቃል ደረቷ ላይ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ልጅቱ እናቷ ስላስጠናቻት ያለችው ይሆን ወይስ ከልቧ? ዛሬ ይለይልኝ አለች። ስልኩ ጮኸ።

ሚጡ ተንደርድራ አነሳችው። "አቤት" አለች። የሚነግራትን እቴቴ በቃሏ ታውቀዋለች፤ የሚጡን ዓይን ብቻ አየች። ሚጡ ስልኩን አስቀመጠች፤ እስክሪብቶ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ሁለተኛው ጮኸ። "ምነው? ምን አደረጉ?" አለች ቀስ ብላ፤ መልሱን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። እቴቴ በልቧ፣ ልጄ እምቢ ልትል ነው አለች። ሦስተኛው ጮኸ። "አይቻለሁ" አለች ሚጡ፣ ድምጿ ከመቅጠኑ የተነሳ የትንኝ መሰለ። እቴቴ ልጅቱ ትናገር እንደሆን፣ ትስቅ እንደሆን፣ "ኧረ አክስቴ ናት!" ትል እንደሆን ጠበቀች። አራተኛው ጮኸ። ሚጡ ሰማች፣ አስቀመጠች፣ ተነሳች፤ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ከእቴቴ ራቅ ብላ ቆመች። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ቦታው ሞልቷል።"

መንገድ ላይ ለማያውቁት ሰው የሚባለው "እናቴ" ነው። ትንሽ ሳለች አፏ ስቶ "እማ" ስትላት እቴቴ ደስታዋን መደበቂያ ታጣ ነበር። "ለምን?" አለች። የታዘዘችው ቃል ነው፤ የዚያን ጊዜ ግን ታዝዛ አልነበረም ያለችው። የሚጡ ከንፈር ብቻ ያለ ድምፅ "እባክሽ" የሚል ቅርፅ ሠራ። እቴቴ ተነስታ ወጣች።

ጠባቧ ክፍል ስትገባ ዶክተሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር። "አራተኛው ድረስ ይዛ ቆየች፣ አዩዋት? መጨረሻ ላይ ደግሞ የሆነ ነገር አለችዎ። ምን አለች?" አላት። "ልጄ ናት" አለች እቴቴ። "የወንድሜ ልጅ። እኔ ነኝ ያሳደግኋት።" ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መጀመሪያ በእውነት ደነገጠ። ድንጋጤው ግን ብዙ አልቆየም፤ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር ሲነጋ እቴቴ አየችው። "እትዬ፣ ይሄ በዕድሜ ልክ አንዴ የሚገኝ ነገር ነው" አለ። "ሰው የገዛ ሥጋውን እንኳ! ለብቻው ምዕራፍ ይወጣዋል። እባክዎ እርስዎ በኋላ በር ይውጡ። ተማሪዬ ገብቶ ምን እንደተሰማት ይጠይቃታል። ቤትም ስለ ጥናቱ ምንም እንዳይነግሯት፤ ጥቂት ወር ነው፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ብቻ።" "አንድ ማዕድ ነው የምንቀርበው" አለች እቴቴ። "ይገባኛል። ግን ሥራው እንዲቀጥል ከፈለግን..." ብሎ ጀመረ። ያችን ዓረፍተ ነገር በስልክ ስትባል ስንቴ ሰምታታለች! ሰውየው ግን ራሱ የጻፋትን መልሶ እያላት መሆኑን ልብ አላለም።

ከመስኮቱ ወዲያ ሚጡ የሚያያት ያለ አልመሰላትም። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ካሜራው ቀይ መብራቱን አብርቶ ትክ ብሎ ያያታል። የእቴቴ ደም ፈላ። በልጅቱ አልነበረም፤ በልጅቱ ላይ ያላት ቅያሜ ቦታውን አልለቀቀም፣ ሂሳቡ በቤት ነው። ግን የገዛ ልጇን ለቅሶ ባዕድ ከመስታወት ኋላ ሆኖ ሲቀርጽ ቆማ የምታይ ምን ዓይነት ሴት ናት? ሻርፗን ከራሷ ገፈፈችና ካሜራው ላይ ጣለችው። "ምን ማድረግዎ ነው? ያንሱት እንጂ!" አለ ዶክተሩ። "እምቢ" አለች። በዚያ ፎቅ ላይ ብርቅ የሆነ ቃል ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ጣማት።

ተመልሳ ስትገባ ሚጡ ቀና ብላ እንባዋን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገች። "ሱቅ የለም" አለች እቴቴ ሳትቀመጥ። "ሥራ የለም። ስልኩ የሚደወለው ከዚህ ጎን ካለ ክፍል ነው። መስታወቱ መስኮት ነው። ሰው ታዝዞ ምን ድረስ እንደሚሄድ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው።" ሚጡ መስታወቱን አየች፤ መስታወቱ ውስጥ ራሷን ብቻ አየች። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው "ሥራው የለም?" የሚል ነበር፤ አይፈረድባትም፣ ከተመረቀች ጀምሮ ስትለምን የኖረችው እሱን ነው። ቀጥላ፣ "አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለች። "እባረራለሁ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ስባረር ነው።" ሚጡ ይህን ዋጥ አደረገችና ዓይኗ ተለወጠ። "ስትገቢ እኔ መሆኔን አይተሻል። እያወቅሽ ነው ቁጭ ብለሽ ያየሽኝ?" "አዎ።" "ለምን?" "ማወቅ ፈለግሁ።" "አወቅሽ?" "አወቅሁ" አለች እቴቴ። ሚጡ የምትቆጣበት ነገር አላት፣ እቴቴም አላት፤ የማንኛቸው እንደሚበልጥ የሚያውቅ ሚዛን እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ዶክተሩ ገብቶ ለሚጡ "አይዞሽ፣ ያደረግሽው ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው" እያለ ማባበል ሲጀምር እቴቴ ጥላቸው ሥራ ፈላጊዎቹ ተራ ወደሚጠብቁበት ክፍል ወጣች። አግዳሚው ሙሉ ነው። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጫማቸውን የወለወሉ፣ ማስረጃቸውን በላስቲክ የያዙ፣ ስለ ታክሲ ዋጋና ስለ ዘይት መወደድ እያወሩ ጊዜ የሚገፉ። "ወገኖቼ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ" አለቻቸው። "እዚህ ሥራ የሚባል ነገር የለም። እየሞከሯችሁ ነው።" አዩዋት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ እጇን። ከረባት ከኋላዋ መጥቶ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "አትስሟት። አልተቀበልናትም፣ ተናዳ ነው" አለ። እንደ አንድ ሰው ተነፈሱ። አንዷ ቦርሳዋን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች፤ አንዱ "ለራሷ ሳይሆንላት ሲቀር ሰው ልታስቀር" አለ፤ ጥግ የተቀመጡት ተሳሳቁ። ሰው የገዛ ጆሮውን ከሚያምን የሌላውን ከረባት ቢያምን ይቀለዋል። እቴቴ መሀል ወለሉ ላይ ቆማ ቀረች። ስትባረር ስንት ጊዜ ኖራለች፤ እውነት ይዛ ስትባረር ግን ይሄ የመጀመሪያዋ ነው፤ በጣም ይመራል።

"እውነቷን ነው" የሚል ድምፅ መጣ። ሚጡ በሩ ላይ ቆማለች። "አንቺስ ማን ነሽ?" አለቻት ቦርሳዋን የሰበሰበችው ሴት። ሚጡ ሴትዮዋን አየች፣ ከረባትን አየች፣ እቴቴን ግን ማየት አልቻለችም። "ማን ይናገር የነበረ" አለች። "አሁን ከዚያ ክፍል ነው የወጣሁት። ይቺን ሴት አስወጫት ብለው በስልክ አዘዙኝ፤ አስወጣኋት። አክስቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እያወቅሁ አስወጣኋት።" እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም፣ ለካ አንዳንዴ የጀመረችውን ትጨርሳለች። "እናንተንም ያስገቧችኋል። እናንተንም ያዟችኋል። ከዚያ እንደውላለን ይሏችኋል፣ አይደውሉም።" ባለቦርሳዋ ሴት አሁን ደግሞ የሚጡን አንገትና ጣቶች ሰርቃ ስትመረምር፣ ሚጡ አየቻትና ሁለት እጇን አንስታ ፊቷ ላይ ዘረጋችላት። "ምንም የለብኝም" አለቻት። "ቢኖርብኝስ?"

ጫማቸውን ወልውለው ከመጡት አንዱ ተነስቶ ከረባትን ፊት ለፊት "እስቲ እውነት ነው? ሱቅ አለ ወይስ የለም?" አለው። ከረባት አፉን ከፈተ፣ ተከትሎ ወደ ወጣው ዶክተር ዞረ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ነገር በጣቱ አላላ። ከዚያ ወዲያ ማንም መልስ አልጠበቀም። ጫጫታው ተነሳ። ዶክተሩ በግርግሩ መሀል ሾልኮ እቴቴ ጋ ደረሰ። "የስንት ጊዜ ልፋት ነው ያፈረሱት!" አላት። "ቃል ገብተውልኝ ነበር። እኔ ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ለእርስዎ፣ እንደ እርስዎ ላሉት አይደለም እንዴ?" እቴቴ እስከዚያ ሰዓት በአንቱታ ነበር የምታናግረው። "ለኔ ከሆነ ስማኝ" አለችው። "እንደውላለን ብለህ ስልክ ሥር ያስቀመጥካቸው ሰዎች አሉ። ለእያንዳንዳቸው ትደውላለህ። ሥራው ውሸት ነበር፣ እናንተም የተፈተናችሁት ሳትጠየቁ ነው ትላቸዋለህ። ካልደወልክ እኔ ሰፈር ለሰፈር ዞሬ አገኛቸዋለሁ። አያስታውሱሽም እንዳትል፤ ይሄን ፊት የረሳ ሰው አላጋጠመኝም።" ሻርፗን ካሜራው ላይ ትታለት ወረደች።

መንገዱ ላይ ፀሐይ ነበር። እቴቴ ራሷን ሳትሸፍን ከተማ ውስጥ ከሄደች ዘመን ሆኗታል፤ የሚያያት ሁሉ አያት፣ እሷም መልሳ አየችው። ሚጡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተላለች። የጫማ ጠጋኞችን መደዳ አለፉ። "እቴቴ፣ ይቅር በይኝ" አለች ሚጡ። "ዛሬ አልልም" አለች እቴቴ ሳትዞር። "ዛሬ ልቆጣ። ስንት ዓመት ሳልቆጣ ኖሬያለሁ።" ሚጡ ራሷን ነቀነቀች። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ረዳቱ የሁለቱን ሂሳብ ከሚጡ እጅ ተቀበለ፤ ሰፈር እስኪደርሱ ዝም አሉ። ይህ ዝምታ ግን የጠዋቱ ዓይነት አልነበረም፤ ሁለቱም ውስጡ ያለውን ያውቃሉ።

ቤት ሲገቡ እናትየው ሳሎኑን አጽድታ፣ ብርጭቆ ደርድራ፣ ከልጇ ስኬት ቀድማ የፋብሪካ ጓደኞቿን ለደስታ ጠርታ ነበር። "እንዴት ሆነሽ? ተቀበሉሽ?" አለች በሩ ላይ። ሚጡ ጃኬቱን አወለቀች። "ሥራ የለም" አለች። "የማይረባ ሙከራ ነው። እቴቴን አስወጫት አሉኝ፣ አስወጣኋት። ሌላ ማንም የለም ስንባባልም ጠዋት ሰምታናለች መሰለኝ።" እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወደ እቴቴ አየች፣ ከዚያ ወደ ጣውላው ግድግዳ፣ ከዚያ ወደ መሬት። "እትዬ፣ እኔ እኮ ክፉ አስቤ አይደለም..." ብላ ጀምራ መጨረሻውን አጣችው። እቴቴም አላገዘቻትም።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ፤ የሴቶች ሳቅና "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ። በዚያ ቤት አንድ ያልተባለ ደንብ ነበር፤ እንግዳ ሲያንኳኳ እቴቴ ወደ ዕቃ ግምጃው ጎን ትገባለች፣ ሲሄዱ ትወጣለች። ማንም አዝዟት አያውቅም። ወንድሟም አላለ፣ እናትየውም አላለች፤ ስልክ እንኳ አልተደወለላትም። ዓመት ካመት የታዘዘችው ያልተሰጠ ትእዛዝ ነበር። እናትየው በልማድ ዓይኗን ወደ እሷ ወረወረች፣ ወዲያው ደግሞ አፍራ መለሰችው። እቴቴ ጸጉሯን በእጇ ወደ ኋላ አስተካከለች፤ ሳሎኑን አቋርጣ ሄዳ በሩን ራሷ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሴቶቹ ሳቃቸውን አቋርጠው ፊቷን አዩ።

"ግቡ" አለቻቸው፣ ለምጽ የወረሰውን እጇን ለሰላምታ ዘርግታ። "የሚጡ አክስት ነኝ። እዚሁ ነው የምኖረው።"